ከልዕልቲቱ ሥር የታጨችው ሞሪን

ለውድ እህቴ ለአይቪ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? የፍሪማንትል ፀሐይ አሁንም ሰው ትጠብሳለች ወይስ አዘነችላችሁ? ባልሽ ኖርማን፣ ልጆቹ፣ ያ እንግዳ የሚጠላው ውሻችሁም ጭምር ደህና ናቸው ወይ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡም ደህና ነው፤ አንድ ቀን ቀርቶብን አያውቅም።

አሁን ወንበር ካለ ቁጭ በይ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ዊልፍ፣ በገዛ እጄ! እስከ ዛሬ ልጄ ሞሪን ስትጽፍልሽ እኔ ከአጠገቧ ቆሜ ትእዛዝ ሳበዛ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ፊደል ስቆጥር ከርሜያለሁ። ሞሪንን "ከጓደኞቼ ጋር ልጫወት ነው" እያልኩ ሹልክ እል ነበር። አስተማሪዋ "አቶ ታክዌል፣ እንደ እርስዎ ቶሎ የገባው ተማሪ አላየሁም" ብላኛለች። ለሌሎቹም እንዲሁ ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለእነሱ ግን ለማጽናናት ነው።

መቼም ታውቂያለሽ፣ ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ስሸጥ አንድ መስመር አንብቤ አላውቅም። ጋዜጣውን የሚያመጣው ሾፌር "ዛሬ የቤተ መንግሥት ወሬ ነው" ካለኝ እሱኑ ይዤ እጮኻለሁ። ደንበኛዬ ኮሎኔሉ ጋዜጣውን ከእጄ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሞቱትን፣ ቀጥሎ የሚጋቡትን ነው የሚያዩት። በዚያ ገጽ ላይ የልጁ መታጨት የወጣለት ሰው፣ ሰው ነው። የአባት ስም ከጎደለ ደግሞ ወይ ሞቷል ወይ ነውር አለበት ይባላል። ስለዚህ የሞሪን ቀን ሲደርስ ስሜን ራሴ ላነበው ቆርጬ ነበር ፊደል የጀመርኩት።

ቀኑም ደረሰ። እጮኛዋ ጄራልድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ነው፤ ጆሮው ሰፋ ከማለቱ በቀር እንከን አይወጣለትም። እናቱ ወይዘሮ ፌርብራስ ባለፈው እሑድ እኛ ቤት ሻይ ሊጠጡ መጡ፤ ለጋዜጣው የሚላከውንም ማስታወቂያ ጽፈው ይዘዋል። "እስቲ ለአባትሽ አንብቢላቸው" አሉ። ሞሪንም ተነሥታ አነበበች፤ "የአቶ ሄክተር ፌርብራስና የባለቤታቸው ልጅ ጄራልድ፣ ከላምቤዙ ከአቶ ዊልፍሬድ ታክዌልና ከሟች ባለቤታቸው ከኤልሲ ልጅ ከሞሪን ጋር..." ስሜን ስሰማ ደረቴ ተነፋ። "አቤት ሲያምር!" አልኩ። ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ከኬካቸው ላይ አላነሡም።

ሞሪን ልትሸኛቸው ስትወጣ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣሁ። "ከሟች ወይዘሮ ኤልሲ ታክዌል ልጅ ከሞሪን ጋር" ይላል፤ ሌላ የለም። ምናልባት ብዬ ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። እዚያም የለሁም። አይቪዬ፣ በቁሜ ከኤልሲ ጎን ቀብረውኛል፤ ያውም ያለ አበባ!

ስትመለስ ጣቴን ከየቃሉ ሥር እየጎተትኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"አባባ... ታነባለህ እንዴ?"

"አነባለሁ። ቀብሬ መቼ ነው? ሥራ ካልያዘኝ እገኛለሁ" አልኳት።

አልሳቀችም፤ አለቀሰች እንጂ። "'ያ ጣቢያ በር ላይ የሚጮኸው ነው ወይ አባቷ ይሉናል' አሉኝ የጄራልድ እናት። እኔም ፈራሁ። ስምህን ጨምሬ ያነበብኩት ሆድህ እንዳይብስ ብዬ ነው" አለችኝ። ሆዴስ ብሶት ነበር። ወረቀቱን እጇ ላይ አደረግኩና "ነገ ለጋዜጣው ቢሮ የምታደርሺው አንቺ ነሽ፤ እንዳሻሽ አድርጊ። ያንን ጋዜጣ የምሸጠው ግን እኔ ነኝ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ነገሩን አላነሣነውም።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ እሽጉን ወርውሮልኝ "ዊልፍ፣ ዛሬ ገበያህ ደራ! ልዕልቲቱ ታጭታለች!" አለኝ። ሰዉ ተንጋጋ። እኔ ግን ገመዱን በጥሼ ገጹን ፍለጋ ገባሁ። አንዱ "አንተ ሰውዬ፣ ባቡሬ ሊያመልጠኝ ነው!" ሲል "ያምልጥህ፣ ሌላ ይመጣል!" አልኩት። ከላይ ልዕልቲቱ፣ ከሥሯ መሳፍንቱ፣ ከመሳፍንቱ ሥር ጄራልድ፤ ቀጥሎም ዊልፍሬድ ታክዌል! ልክ ሞሪን እሑድ እንዳነበበችው፣ አንድም ቃል ሳይጎድል። ፊደሎቹ ዓይኔ ላይ ዋኙብኝ፤ ብርዱ ይሆናል።

ጉሮሮዬን ጠርጌ "ልዕልቲቱ ታጨች! የታክዌልም ልጅ ታጨች!" ብዬ ጣቢያውን አናወጥኩት። ኮሎኔሉ የሞቱትን ጨርሰው ወደ ሙሽሮቹ ሲሻገሩ ቀና ብለው አዩኝ። "ታክዌል? አንተ ነህ?" አሉ። "እኔው ነኝ ጌታዬ፤ በሕይወት አለሁ" አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ወይዘሮ ፌርብራስ ግን ራሳቸውን አሟቸው ተኝተዋል ይላል ጄራልድ፤ ለሠርጉ ይነሣሉ።

ከጋዜጣው ቆርጬ ልኬልሻለሁ። ለኖርማን አንብቢለት፤ ስሜ ላይ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ለትልቋ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን አጎትህ ተምሯልና አንተም ከትምህርት ቤት አታምልጥ በዪው። ውሻውንም ሰላም በዪልኝ።

ሞሪን አሁን አጠገቤ መጥታ "ምን ብለህ ጻፍክላት? አንብብልኝ" አለችኝ። አነበብኩላት። የእሑዱ ሻይ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ ሐሙስ ጠዋት ላይ አረፍኩ። ስለዚህ ስትጽፊላት እሑድን አታንሺባት። እንዲህ ያለውን ንባብ የማታ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም፤ ከእሷው ነው የተማርኩት።

የተማረው ወንድምሽ ዊልፍ

ላምቤዝ፣ ለንደን
ጥቅምት 14 ቀን 1957