ከመኪናው አትውረጂ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአርቪድ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የልጅ ልጅህ ብሪታ በሕይወት እንዳለች ልንገርህ። ወረቀቱን ከፍተህ ወደ መሃሉ እስክትደርስ ልብህ በከንቱ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው። አሁን አጠገቤ ተኝታለች፣ ትንፋሿን እሰማዋለሁ። እንግዲህ ሰላምታዬን እንደ ወጉ ላቅርብ። እንዴት ሰነበትክ አባዬ? ጉልበትህስ ተሻለህ? የደጁን በረዶ አሁንም ራስህ ነህ የምትዝቀው ወይስ ወንድሜ ኬርሚት እየመጣ ይዝቅልሃል? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? የሐይቁ በረዶስ አሁንም መኪና ይሸከማል ወይስ መሰንጠቅ ጀመረ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ለእማዬ ስልክ የደወልኩ ዕለት ብሪታን ፀሐይ መታት፣ አሁን ደህና ናት ብዬ ብቻ ዘጋሁት። አንተ በስልክ እንደማትሰማ አውቃለሁ፤ ብትሰማም እንዲህ ያለ ነገር እየጮሁ አይነገርም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ለእማዬ ስታነብላት እባክህ ቀስ እያልክ ይሁን።

ከአገራችን ከሮዞ ስንነሳ በረዶው እስከ መስኮቱ ደፍ ድረስ ነበር። የትምህርት ቤቱ የጸደይ ዕረፍት አጭር ስለሆነ አማችህ ዴል ብዙም ሳያርፍ ነው የነዳው። ካንሳስን ስናልፍ ካፖርታችንን፣ ኒው ሜክሲኮ ስንገባ ሹራባችንን አወለቅን። ቱሳን ስንደርስ የዴል አክስት ቨርና ቁምጣ ለብሳ በር ላይ ጠበቀችን። መገጣጠሚያዋን አሟት ወደዚህ ከመጣች ወዲህ ዳግመኛ የተወለደች ነው የምትመስለው። ዕቃ ልታወርድልን የመኪናውን ኋላ ከፈተችና በሳቅ ፈነዳች። በረዶ መንገድ ላይ ቢይዘን ብለን የምንጭነው አካፋ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ሻማው ከነቆርቆሮው፣ ቸኮላቱ፣ እዚህ ሰው አለ ለማለት አንቴና ላይ የሚታሰረው ቀይ ጨርቅ፣ ሁሉም እንዳለ ነበር።

«ምነው ዴል፣ አሸዋ ልትዝቅልኝ ነው? እዚህ አገር እኮ በረዶ የሚገኘው ብርጭቆ ውስጥ ነው!» አለችው።

«አክስቴ፣ የሮዞ ሰው ግንቦት ሳይገባ አካፋውን ከመኪና አያወርድም። አንቺም ታውቂው ነበር፤ ፀሐዩ አስረስቶሽ ነው» አላት። ተሳሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ዕቃውም እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነበሩ። ብሪታ ከመዋኛው ገንዳ አልወጣ ብላ ጣቶቿ ተጨማደዱ። መንገድ ዳር ካለው ዛፍ ብርቱካን ቀጥፎ መብላት ለሷ ተአምር ነበር። እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ልቤ አልረጋም አባዬ። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ሰው ያልበዋል፣ ላቡ ግን ቆዳው ላይ ሳይታይ ይደርቃል፤ ምን ያህል ውኃ ከገላህ እንደወጣ አታውቅም። ብርድ ሲመጣ ጣትህን ነክሶ ይነግርሃል። ይሄኛው እየሳቀብህ ነው የሚገባብህ። ይህን ለዴል ብነግረው «አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም መውጫው በየት ነው ሳትዪ አትቀመጪም» ብሎ ቀለደብኝ።

ረቡዕ ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የቁልቋል ፓርክ ሄድን። ቁልቋል ስልህ ከቤተ ክርስቲያናችን በር የሚበልጥ ቁመት ያለው ነው። ዴል መኪናውን ከብዙ መኪኖች መሃል አቁሞ እንደ አገራችን ሳይቆልፈው ሄደ። ቨርና «ይሄ ከተማ ነው፣ ሌባ አለ፣ ቆልፉ እንጂ» ስትል ብሪታ ሰምታታለች፤ ዴል ግን ቀድሞ ርቆ ነበር። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል እኔና ቨርና በአጭሩ፣ ዴል ወደ ኮረብታው በሚወጣው በኩል ሄድን። ብሪታ ጫማዋን እያሰረች ኋላ ቀርታ ነበር። እኔ ከአባቷ ጋር ናት አልኩ፣ እሱም ከናቷ ጋር ናት አለ። ይኸው ነው አባዬ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዴል ብቻውን ሲመጣ አየሁት። «ብሪታስ?» አለኝ። የኔን ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ቨርና እንደምትለው መጮህ ጀመርኩ። ዴል ወደ ኮረብታው ተመልሶ ሮጠ። እኔ በደረቁ ወንዝ ውስጥ እሾህ እየቧጠጠኝ ስሟን ተጣራሁ። እያንዳንዱ ድንጋይ ሥር እባብ ይታየኛል። ከኋላዬ የሚመጣው ወንድ ሁሉ ልጄን የወሰደ ይመስለኛል። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈለግን። የፓርኩ ጠባቂዎች በፈረስም በእግርም ወጡ፣ እንግዳውም ሁሉ ዕረፍቱን ትቶ አብሮን ይጣራ ነበር። ሁላችንም ዓይናችን በረሃው ላይ ነበር።

ከጠባቂዎቹ አንዷ ሊዲያ የምትባል ሴት ናት። ትከሻዬን ያዘችና ውኃ በግድ አጠጣችኝ።

«እህቴ፣ ስሚኝ። ልጅ ሲጠፋ የተማረውን ነው የሚያደርገው። ብቻሽን ከቀረሽ ምን አድርጊ ብላችኋታል?» አለችኝ።

«ወደ መኪናው ተመለሺ፣ ሰው እስኪመጣ ከመኪናው አትው…» ብዬ ጀመርኩ። ቃሉን አልጨረስኩትም። ሊዲያም ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

አባዬ፣ እንዴት እንደሮጥኩ አልነግርህም። የመኪናው ማቆሚያ ጋ ስደርስ ያ ሁሉ ቆርቆሮ በፀሐዩ ያብረቀርቃል፣ የኛን ከሌላው መለየት አቃተኝ። ከዚያ ቀዩን ጨርቅ አየሁት። አንቴናው ላይ፣ አንተ እንዳሳየሃት ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ታስሯል። እዚያ ባለው ሰው ሁሉ ፊት አልፎ አልፎ ይውለበለብ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም። በሩን ብስበው ተቆልፏል። ቨርና ሌባ አለ ስላለች ብሪታ ከውስጥ መቆለፊያውን ተጭና ቆልፋዋለች። ቁልፉ ከዴል ጋር ኮረብታው ላይ ነው። መስታወቱን በመዳፌ ደበደብኩ፤ እጄን አቃጠለኝ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ጥቅልል ብላለች፤ ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ተከናንባዋለች። መስኮቱን ደግሞ አንተ እንዳልካት በጣት ስፋት ብቻ ዝቅ አድርጋዋለች።

ሊዲያ መስታወቱን በድንጋይ ሰበረችው። ከውስጥ የወጣው አየር ምድጃ ሲከፈት እንደሚመጣው ነበር። የልጄ ፊት እንደ ጨርቁ ቀልቷል፣ ቆዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለም። አቅፌ ሳወጣት ዓይኗን ገለጥ አደረገችና «እማዬ፣ የበረዶው አውሎ ነፋስ ቆመ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እዚያው መሬት ላይ ሰዉ ያለውን ውኃ ሁሉ አፈሰሰባት። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሊዲያ በባርኔጣዋ ስታራግብላት እኔ እግሯን ይዤ ቁጭ አልኩ። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም።

በሆስፒታሉ በበረዶ ከበቧት። የኛ ልጅ፣ በበረዶ! ሐኪሙ ኩላሊቷ ሊደክም ይችላል፣ ሌላው ነገር ደግሞ ስትነቃ ነው የሚታወቀው ብሎን ሄደ። ዴል ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ያለማቋረጥ «ቆልፌው ቢሆን፣ ቆልፌው ቢሆን» ይል ነበር። እነዚያን ቀናት ሁሉ እኔና እሱ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። እሑድ ጠዋት ነቅታ ብርቱካን ስትጠይቅ ነው ተቃቅፈን ያለቀስነው። አሁን ኩላሊቷ ደህና ነው ይላሉ። ሐኪሙ ሊያያት ስለሚፈልግ ግን እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ እዚሁ ቨርና ቤት እንቆያለን።

አባዬ፣ ይህን ስታነብ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ወንበርህ ላይ ሆነህ እጅህን ስታሻሽ ይታየኛል። እኔ አንተን አልወቅስም። አጎቴ ሌላንድ በዚያ የበረዶ ነፋስ ከመኪናው ወርዶ በእግሩ ሄዶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ሬሳው ጎተራው አጠገብ መገኘቱን ለኔም ለኬርሚትም ነግረህ ነው ያሳደግከን። እኔም ለብሪታ ያንኑ ደግሜላታለሁ። ደግሞ ቀዩን ጨርቅ ባታስተምራት ያን ሁሉ መኪና ስፈትሽ ልጄን አላገኛትም ነበር። ማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም፤ ስለዚህ ፈርቼ ብቻ ነው ያለሁት።

አሁን ደግሞ ያስፈራኝን ልንገርህ፤ ደብዳቤውን የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ዴል መስታወቱን አስገጥሞ መኪናውን ቨርና ግቢ አቁሞት ነበር። ትናንት ከምሳ በኋላ ብሪታን ጥላው ሥር አስቀምጬ ውኃ ላመጣላት ገባሁ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። እግሬ ራሱ ወደ መኪናው ወሰደኝ። ውስጥ ነበረች፤ በሮቹ ተዘግተዋል፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፈገግ ብላ ከፈተችልኝ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«ስጠራሽ ዝም አልሽኝ። ስለጠፋሽብኝ ነው የመጣሁት።»

«ብሪታ፣ ሲሞቅ መኪና ውስጥ አይገባም። ሐኪሙም ነግሮሻል እኮ።»

«ሐኪሙ አያቴን አያውቀውም» አለችኝ። «አያቴ ከመኪና የወረደ ሰው ይሞታል ነው ያለው። እኔ አልወረድኩም፣ ስለዚህ አልሞትኩም።»

የዳነችው ባለመውረዷ ነው ብላ ነው የምታምነው። ገሰጽኳት፣ ለመንኳት፣ አባቷም አስረዳት። እሺ ትላለች፤ እሺታዋ ግን ከአፏ አያልፍም፤ ዓይኗ ውስጥ አይቼዋለሁ። የኔ ቃል ካንተ ቃል ጋር ሲጋጭ የኔ ይወድቃል። ድሮም ታውቀዋለህ፣ ይሄ ነገር ያስቀናኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አስፈራኝ። በመጨረሻ ጨነቀኝና «አያትሽ ራሱ ጽፎልሻል፤ ሲሞቅ ከመኪናው ውጪ፣ ጥላ ሥር ቁሚና ጩኺ ብሎሻል» አልኳት።

«የታለ ደብዳቤው? እኔ እኮ የአያቴን ጽሕፈት አውቃለሁ» አለችኝ።

በመንገድ ላይ ነው፣ ሰሞኑን ይደርሳል አልኳት። በስምህ ዋሸሁ አባዬ። ዛሬ ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ሲመጣ ከኔ ቀድማ ሳጥኑ ጋ ደረሰች። እባክህ ይህ እንደደረሰህ ምሳህንም አትብላ፣ ጻፍላት። ባንተ እጅ፣ በትልልቁ፣ የምትጽፍበት ሰማያዊ እርሳስ ይሁን። ስለ ሌላንድ የነገርካት ለበረዶ እንደሆነ፣ ለፀሐይ ሌላ ሕግ እንዳለ ንገራት። አሳጥረው፣ እንዳትረሳው አድርገህ ቁርጥ ያለ ነገር በላት። እስኪደርስ ድረስ መኪናው ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። የቨርናን መኪና፣ የጎረቤቱን መኪና ግን ማን ይቆልፍልኛል? ገበያ ስንሄድ እጇን አጥብቄ ስለምይዛት አሳመምሽኝ ትለኛለች።

እማዬን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ዋሽቼሽ ሳይሆን ድምፄ ስለከዳኝ ነው በልልኝ። ኬርሚትንና ባለቤቱን ሰላም በልልኝ፤ ለብሪታም እንደ ልጆቻቸው አስበው ይጸልዩላት። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ኤልቪራ እንደምን ሰነበቱ በልልኝ፤ ድመታችንን ስለሚያበሉልን አመስግንልኝ። ውሻህን ጆሮውን እሽልኝ። ዴል ሰላም ብሎሃል፤ ሲመጣ ዓይንህን እንዴት እንደሚያይ እንደጨነቀው ነግሮኛል፤ አደራህን አንድ ቃል ጻፍለት። ቨርናም ሰላም ብላለች።

ብሪታ አሁን ነቅታ ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ። ለአያትሽ ስላት ትራሷ ላይ ቀና ብላ ሰላምታዋን ላከችልህ። ከመኪናው አልወረደችም ብለሽ ጻፊለት አለችኝ፤ ደስ እንዲልህ።

ልጅህ ማርሊስ
ቱሳን፣ አሪዞና
ማርች 23 ቀን 1989