ቧንቧው ውስጥ የበቀለው ድንጋይ

ረቡዕ

የውሃ ሌባ አሉኝ። በሸንጎ፣ በሰው ፊት። የተናገረው ጎረቤቴ ተሰማ ነው። የውሃ አባት ነኝ፤ የመስኖውን ተራ የምደለድለው እኔ ነኝ። "ሌሊት ሌሊት የቧንቧውን አፍ እየደፈኑ ውሃውን ለአማችዎ ሽንኩርት ይለቃሉ" አለኝ። ውሃው ሸለቆውን ከሚያሻግረው ቧንቧ አፍ እየተረፈ በሸለቆው ወደ አማቼ ማሳ መውረዱ እውነት ነው። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ማሳዎች እየደረቁ ነው። እኔ ግን እጄ የለበትም።

ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው ይማሉ አሉኝ። አልምልም፤ ለውሃ ብዬ የእግዚአብሔርን ስም አልጠራም። እስከ እሁድ ካልማልኩ ሹመቱ ለሌላ ይሰጣል።

ሐሙስ

ባለቤቴ አስካለ፣ "ቢምሉ ምላስዎ ይቆረጣል?"

"አይቆረጥም።"

"ታዲያ?"

"አልምልም።"

ጀርባዋን ሰጥታኝ በጎቹን ልታወጣ ሄደች።

ዓርብ

ቧንቧው ዘንድ ወረድኩ። ደርግ በወደቀ ማግስት የዘረጋነው ነው። ቦዩን በየዓመቱ እንጠርጋለን፤ የቧንቧውን ሆድ ያየ ሰው ግን የለም። በደረቴ ተኝቼ እጄን ሰደድኩ። ድሮ እስከ ብብቴ ይገባ ነበር። ዛሬ ከክርኔ አላለፈም። አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ። ቆንጥሬ ነከስኩት። እንደ አሸዋ ተንቀጫቀጨ።

ቅዳሜ

የወንድሜ ልጅ ዘነበች ከዓለም ከተማ መጣች፤ የሳይንስ አስተማሪ ናት። አሳየኋት። ዝልግልጉ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ የባክቴሪያ መንደር ነው አለች። ሲኖሩ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ይለውጡታል፤ በውሃው የሟሟው ኖራ ይወጣና ገላቸው ላይ ይጋገራል። እነዚያ ተቀብረው ይቀራሉ፤ ሌሎች በላያቸው ይኖራሉ። ከዓመት ዓመት ግድግዳ ይሆናል።

"ነፍስ ያለው ነገር ድንጋይ ይለብሳል?"

"ቀንድ አውጣስ ይለብስ የለ፣ ጋሼ?"

"ቀንድ አውጣ ቤቱን ነው የሚሠራ።"

"እነዚህ ደግሞ ሳያውቁት ነው፤ ሲኖሩ ብቻ ይሆናል።"

"ታዲያ ባክቴሪያ ውሃ ሰረቀ ብዬ ሸንጎ ልቁም?"

ሳቀች። "ቧንቧውን ይቁረጡና ያሳዩዋቸው።"

ግማሹን አላመንኳትም። ድንጋዩን ግን ነክሼዋለሁ።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ጠየቁኝ። ቧንቧው ይቆረጥና እዩ አልኩ። "እንግዲያው አሁኑኑ" አሉ። በሰንበት መጋዝ አላነሣም አልኩ። "እንግዲያው ይማሉ።" አልምልም።

ሹመቱን ወሰዱብኝ። ለተሰማ ሰጡት።

ሰኞ

ሁሉም ሸለቆው ዘንድ ተሰበሰበ። መጋዙን ለተሰማ ሰጠሁት፤ የውሃ አባት እሱ ነዋ። ከአፉ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ቆረጠ። ውስጡ ዙሪያውን ድንጋይ፣ እንደ ተቆረጠ ግንድ ድርብርብ ነው። መካከሉ እንቁላል ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ።

"ይሄን ማን አስገባው?" አለ አንዱ።

"ማንም። እዚያው በቀለ" አልኩ። ዘነበች እንዳለችው ነገርኳቸው። የገባቸው አይመስለኝም። ለእኔም በደንብ አልገባኝም። ተሰማ መጋዙን እንደያዘ ቀረ።

ማክሰኞ

ተሰማ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። "አውርደው፣ ወገብህን ያምሃል" አልኩት። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር አልኩ። ሹመቱንም መለሱ፤ ተቀበልኩ። ቧንቧውን በመዶሻ እየፈቀፈቅን ነው፤ ይሰነጠቅ እንደሁ አላውቅም። ውሃው ግን ወደ ማዶ መሻገር ጀምሯል።

አስካለ ምን ተባባላችሁ ብላ ጠየቀችኝ። "ታረቅን" አልኳት። ያንን የረቡዕ ስድብ ግን ለእሷም፣ ለተሰማም፣ ለዚህ ወረቀትም ዳግመኛ አላነሣም።