ፊርማህ ያለበት ታወር

ለምወድህ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ዓይንህስ? ፋሻው ከተነሳ ወዲህ ብርሃን እንደማይወጋህ፣ የግድግዳውን ሰዓትም ከአልጋህ ሆነህ እንደምታነብ እማዬ ነግራኛለች። እሰይ ብያለሁ። ጉልበትህስ ደረጃውን ያስወጣሃል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ «አንብቢልኝ» ብለህ እንዳትሰጣት። ዓይንህ ቢደክምም እያረፍክ ራስህ አንብበው።

በስልክ ልነግርህ ያልሞከርኩ እንዳይመስልህ። ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዶሮዎቹ አውርተን ዘጋሁት። ባለፈው እሁድማ «አባዬ፣ አንድ ነገር…» ብዬ ጀምሬ፣ አንተ «ምነው ልጄ?» ስትለኝ «ቀይዋ ዶሮ እንቁላል ጀመረች ወይ?» አልኩህ። አንተም ስለ ቀይዋ ዶሮ ሩብ ሰዓት ነገርከኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አለቃዬ አንድ ሥራ ሰጠኝ፤ የከተማውን ሆስፒታል ከተራራው ማዶ ካለው ክሊኒክ ጋር በማይክሮዌቭ የሬዲዮ ሞገድ ማገናኘት። ማዶ ስፔሻሊስት የለም። አስቸጋሪ ወሊድ ሲመጣ አዋላጇ የከተማውን ሐኪም በስክሪን እያየች፣ እየጠየቀች ነው የምትሠራው። መስመሩ ከተቋረጠ ብቻዋን ናት። አንቴናውንና ሬዲዮውን የምመርጠው ደግሞ እኔ ነኝ።

አንተ ብረትና ሲሚንቶ እንጂ ሞገድ አታውቅም፤ በቀላሉ ልንገርህ። ርቀቱ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ከፍ ያለውን ሞገድ ብመርጥ አንቴናው ትንሽ ይሆንልኛል፤ ግን ዝናብ ይበላዋል። ዝቅ ያለውን ብመርጥ ዝናቡን ጥሶ ያልፋል፤ ግን ሰፊ ሳህን አንቴና ይፈልጋል፣ ሰፊ ሳህን ደግሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። ማንም የሚጋፋበትን ነፃ ሞገድ ትቼ በስማችን ብቻ የተመዘገበ ዝቅ ያለ ሞገድ እንዲፈቀድልን ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልን። ሳህኑን ሜትር ከሰማንያ አደረግኩት። የሚሰቀለው የኮረብታው ታወር ላይ ነው። አንተ ፎርማን ሆነህ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያቆምከው። ቢሮ ውስጥ ለሰማም ላልሰማም «አባቴ ነው የተከለው» ስል ከርሜአለሁ። ጉራዬን ታውቀዋለህ።

ትልቁ ሳህን እስኪደርስ ለሙከራ አነስ ያለ ሰቀልን። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ ሲግናሉ መውደቅ ጀመረ። ዝናብ ቢሆን አይገርመኝም፤ የሚወድቀው ግን ሰማዩ ጥርት ባለበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሬዲዮውን ጠረጠርኩ፣ ቀየርኩት። ገመዱን ቀየርኩ። አቅጣጫውን ደግሜ አስተካከልኩ። ያው ነው። በመጨረሻ የሲግናሉን መዝገብ ከአየር ጠባዩ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ሳየው፣ ሲግናሉ የሚወድቀው ነፋስ ሲነሳ ነው።

ታወር የሚወጣልን ሰው አለ፤ «አሞራው» ነው የምንለው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ መሬት ላይ የሚያነክስ፣ ብረት ላይ ግን የማይያዝ። «እህቴ፣ ሬዲዮውን ተይው፤ የታመመው እሱ አይደለም» አለኝ። ታዲያ ምኑ ነው ስለው የደህንነት ቀበቶ አውጥቶ አቀበለኝ።

ወጣሁ አባዬ። አርባ ሜትር። ታወር ሁሉ ይወዛወዛል፣ እሱን አውቃለሁ፤ ሄድ ይልና ይመለሳል። ይሄኛው ግን ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ከታች፣ ከመሬቱ ሆድ ውስጥ፣ ጥርስ ሲፋጭ የመሰለ ድምፅ መጣ። ከዚያ ነው ቀስ ብሎ የተመለሰው። እጄ ብረቱን አልለቅ አለ። አሞራው ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላቀቀ አወረደኝ።

በማግስቱ የታወሩን ፋይል አስወጣሁ። የመሠረቱ ጥልቀት ሦስት ሜትር ይላል፤ ከሥሩ ፊርማህ አለ። ያ ጅራቱ የሚጠማዘዘው፣ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ የማውቀው። ከዚያ ካንዱ እግር አጠገብ አስቆፈርኩ። ኮንክሪቱ ሜትር ከሠላሳ ላይ አለቀ። ከዚያ በታች ልቅ ድንጋይና አፈር ነው።

ቀኑንም አየሁት። እማዬ ኦፕራሲዮን የሆነችበት ወር ነው። ያኔ ስድስት ዓመቴ ቢሆንም፣ ሆስፒታሉ መጀመሪያ ካልከፈላችሁ አልጋ አልሰጥም ማለቱን አስታውሳለሁ፤ ከሳምንት በኋላ አንተ ልብስህ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኖ እየሮጥክ መጥተህ «ተገኘ! ተገኘ!» ስትልም አስታውሳለሁ። ምን እንደተገኘ ያኔ አልጠየቅኩም። አሁንም አልጠይቅህም።

እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምጽፍልህ። ሦስት ቀን ደበቅሁት። ትንሹን ሳህንና ከፍ ያለውን ሞገድ መርጬ፣ የሬዲዮውን ጉልበት ፈቃዱ እስከሚፈቅደው ገፍቼ፣ ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ። ትንሽ ሳህን ነፋስ አይይዝም፤ ስለ ታወሩ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ስምህም አይነሳም። መስመሩ የሚጠፋው ከባድ ዝናብ ሲወርድ «ለጥቂት ደቂቃ ብቻ» ነው ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ማዶ ለቅየሳ ሄጄ ሳለ አዋላጇ «ዝናብ ሲዘንብም ይሠራል አይደል? እዚህ ምጥ ዝናብ ጠብቆ ነው የሚመጣው» ስትለኝ ስቄ «አትስጊ» ብያት ነበር።

ሪፖርቱን ላስረክብ በያዝኩበት ዓርብ፣ አሞራው የሙከራውን ሳህን ሊያወርድ ወጣ። አትውጣ ማለት ነበረብኝ። ግን «ለምን?» ይለኛል፤ ለምን ከተባልኩ ስለ አንተ ልናገር ነው። ቀበቶውን ሲያጠብቅ ቆሜ አየሁት። እላይ እንደደረሰ ነፋሱ ድንገት መጣ። ካስቆፈርኩት እግር ሥር አፈሩ ተሰነጠቀ፤ ዓይኔ እያየ ኮንክሪቱ አንድ ጣት ያህል ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ጮህኩ፤ ድምፄን ነፋሱ ወሰደው። ለመውረድ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። መሬት ሲረግጥ ፊቱ አመድ መስሏል። «ዛሬስ ሚስቴ ሌላ ባል ልትፈልግ ነበር» ብሎ ሳቀና ወዲያው አስመለሰው። ከዚያ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«መቼ ነው ያስቆፈርሽው?» አለኝ።

«ማክሰኞ» አልኩት።

ከዚያን ቀን ወዲህ አያናግረኝም።

ያንኑ ቀን እውነተኛውን ሪፖርት ለአለቃዬ ሰጠሁ። ፊርማው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። ደግ ሰው ነው፤ «ይቺን ገጽ ብናወጣትስ? ታወሩ አርጅቷል ብንል ይበቃል» አለኝ። እሺ ልለው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በመሥሪያ ቤታችን ሌላ ቅርንጫፍ ፋይል ውስጥ ፊርማህ ያለባቸው አራት ታወሮች አሉ። ገጿ ከወጣች እነሱን የሚቆፍር አይኖርም። «ትቆይ» አልኩት።

ሥራው አልቀረም። ከሆስፒታሉ ጣሪያ ተነስተን መሃል ያለው ሸንተረር ላይ መስመሩን ለሁለት ከፈልነው፤ ርቀቱ ስላጠረ ትናንሽ ሳህኖች በቁ፣ ፈቃዱንም በአዲስ መልክ አወጣን። ትናንት በዶፍ ዝናብ ሞከርኩት። የአዋላጇ ፊት ጥርት ብሎ ታየኝ፤ እጇን አውለበለበችልኝ። መደሰት ነበረብኝ። የኮረብታው ታወር ይፈርሳል። ሐሙስ ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች ስለ መሠረቱ ሊጠይቁህ ቤት ድረስ መጥተው ያነጋግሩሃል። በር ላይ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ሐሙስ ግን ሩቅ ሆነብኝ። «አንዱ ስለተበላሸ አራቱ አይዘጉም፤ ተራቸውን ጠብቀው ይቆፈራሉ» የሚል መልስ ነው ከበላይ የመጣው። ረቡዕ ጠዋት ከአራቱ አንዱ በሆነው በድልድዩ ታወር ላይ ሦስት ሰዎች ይወጣሉ። ስማቸውንም መልካቸውንም አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ ሹፌር የአክስቴ ልጅ ነው፤ መልስህን ይዞ ለመመለስ ውጭ ይጠብቅሃል። የሆነውን ለምን እንደሆነ አትጻፍልኝ። ከአራቱ መሠረቱ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ብቻ ጻፍልኝ።

ሥራ የተቀጠርኩ ሰሞን እጄን ይዘህ አስምለኸኝ ነበር፤ የኮረብታውን ታወር እንዳልወጣ። ነፋሱ ይጥላል አልከኝ። ያኔ የአባት ፍርሃት መስሎኝ ስቄብሃለሁ። ስለ አራቱ ግን አንድም ቀን አንስተህ አታውቅም። ደህና ስለሆኑ ነው አባዬ? ወይስ እኔ ስለማልወጣባቸው?

አምላክ ዓይንህን ያጽናልህ፣ ጉልበትህን ያበርታልህ። እማዬን ሳምልኝ። ምንም ብትጽፍልኝ ልጅህ መሆኔ አይቀየርም።

ሴቷ ልጅህ