እንጨት ተመለሰ ስትዪኝ

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ

ለልጄ፣

የጌታ ሰላም ከአንቺ፣ ከባለቤትሽና ከትንሹ ጋር ይሁን። አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ? ትንሹ ጥርስ አወጣ ወይ? አንቺስ እንቅልፍ አገኘሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ለጸሎት ስንበረከክ ብቻ ነው የሚያመኝ። መጋቢያችን «ኦቦ፣ ቁጭ ብለው ይጸልዩ፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው» ይሉኛል። ችግሩ ልቤም ከጉልበቴ አለመሻሉ ነው።

ጽሑፌ እንደማያምር ታውቂያለሽ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ያኔ ትምህርቱ በአማርኛ ስለነበር ዛሬም በኦሮምኛ እያሰብኩ እጄ በአማርኛ ይጽፋል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ አንቺ «እሺ አባ፣ እሺ አባ» ስትዪ ግን የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት እሺ አይልም። የጎረቤታችን የዓባይነሽ ልጅ ናኦሚ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለምትሳፈር በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የካቢኔቱ ነው።

ዘንድሮ ለፋሲካ መጥታችሁ «ኑኑ ቁምባ ያለችው አክስቴ ዘንድ ሄደህ ትንሽ ረፍት አድርግ» ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ስመለስ ወጥ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። አናጢው ጂሩ የካቢኔቱን ነጭ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አንስቶታል፤ በላዩ ቡኒ ቀለምና ቫርኒሽ አጠጥቶት የዋንዛው ጅማት ሁሉ ወጥቶ ያበራል። ዓባይነሽ ገብታ «ኦቦ፣ ቤትዎ ሆቴል ሆነ፤ ከእንግዲህ ከፍለን ነው የምንገባው» አለች፤ ሰዉም ሳቀ። አንቺ ክንዴን ይዘሽ «አባ፣ እንጨት እኮ ተመልሷል። አሁን ነጭ ካቢኔት የሆስፒታል ነው የሚባለው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ ወጥ ቤቱንም መታጠቢያ ቤቱንም እንጨቱ እንዲታይ ነው የሚያሠራው» አልሽኝ። ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ፣ ብዬሽ መኝታ ቤት ገባሁ። መንገዱ አድክሞት ነው አላችሁ። መንገዱ አልነበረም።

ያ እንጨት መቼ ሄዶ ነው የተመለሰው? ዋንዛው ከእናትሽ አባት ማሳ ተቆርጦ የመጣ ነው። አንቺ መቆም የተማርሽው የካቢኔቱን እጀታ ይዘሽ ነው። ባለቤትሽ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልክ በተባለበት ክረምት ለእናትሽ ደውለሽ «እማዬ፣ ያ ቡኒ ካቢኔት ቤታችንን ጠላ ቤት ያስመስለዋል። የፈየራ ቤተሰቦች ምን ይሉናል? አሁን ሁሉም ነጭ ነው» አልሻት። ጠላ በደጁ አልፎ የማያውቅ ቤት። እናትሽ ስልኩን ዘግታ ሳቀች፤ «ጠጅ ቤት ስላላለችው አመስግን» አለችኝ። በማግስቱ ግን ከገበያ የዘይት ቀለም ይዛ መጣች።

ደረቷን ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ከጭስና ከሽታ ራቂ ብሏት ከሰል እንኳ ደጅ ነበር የምታያይዘው። ቀቢ እንጥራ አልኳት፤ «ልጄ ያዘዘችኝን ሌላ ሰው አይሠራውም» አለች። እኔው ልቅባልሽ አልኳት፤ «አንተ ወፍጮ ቤት ውለህ መጥተህ ዱቄት ልትነሰንስበት ነው» አለችኝ። ሐምሌ ነበር፣ የወለጋን ሐምሌ አትረሺውም። ዝናቡ እየገባ ቀለሙን እንዳያበላሽባት መስኮቱን ዘግታ፣ ሻሿን አፏ ላይ አስራ ትቀባ ነበር። ከሥራ ስመለስ ሽታው ከደጅ ይቀበለኛል። እሷ ከውስጥ መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ መዝሙሩን ሳል ያቋርጠዋል፣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ወጥ ቤቱን ጨርሳ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሲገቡ እናትሽ ከወንበሯ አልተነሳችም። እንደተቀመጠች ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸው። አንደኛው «ሴትየዋ ኩሩ ናት» ማለቱን ሰምተሽ ኖሮ፣ ጓዳ አስገብተሽ «እማዬ፣ አሳፈርሽኝ። ለሽማግሌ አይነሳም እንዴ?» ስትዪያት በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ጉልበቴ ነው» አለችሽ። እናትሽ ጉልበቷን ታማ አታውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ትንፋሿ ለምን እንዳጠረ እንዳልነግርሽ ለመነችኝ። «ሙሽራ ናት፣ ይህን ተሸክማ አትግባ» አለች። እኛ አንምልምና እሺ ብቻ አልኳት። ሠርግሽን አየች። ክረምቱ ሳይመለስ ሄደች። በቀብሯ ዕለት ለሰዉ ሁሉ «የቆየ በሽታዋ ነው» ስትዪ እኔም አጠገብሽ ቆሜ፣ አዎ የቆየ ነው አልኩ።

ልጄ፣ ራሴን ሳልመረምር አልጻፍኩልሽም። ምን ሆኜ ነው የተቆጣሁት? እንጨቱ የአባቷ ነው፤ ተመልሶ ሲወጣ ማየት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጂሩም ሥራውን አሳምሯል። ቀለም ቀለም ነው እላለሁ። ግን ጂሩ ጠርጎ ግቢው ጥግ የደፋውን ነጭ ብናኝ ዝናብ እስኪወስደው ድረስ በዚያ በኩል ማለፍ አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በዱቄት ውስጥ የኖርኩ ሰው ብናኝ ፈራሁ።

አባታችን ሆይ ስጸልይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ አፌ ይቀጥላል፣ ልቤ ይቆማል። ማን እንደሆንሽ ሳልናገር መጋቢውን ጠየቅኋቸው። «በደሉን ለበዳዩ ንገረው፣ ከዚያ ይቅር በለው» አሉኝ። ያነቀኝ ይኸው ነው። ይቅር ልልሽ ብል መንገር አለብኝ፤ ባልነግርሽ ደግሞ ምን እንዳደረግሽኝ ሳታውቂ እንደተቀየምኩሽ ልሞት ነው። ነጭ ያልሽው አንቺ፣ እንጨት ያልሽው አንቺ። ይህን መጻፌ ክፋት እንደሆነ ይገባኛል። ልሰርዘው እስክሪብቶውን አንስቼ ተውኩት።

ትናንት ደግሞ ደውለሽ ጂሩ ሰኞ ለመታጠቢያ ቤቱ ካቢኔት ይመጣል አልሽኝ። «እሱማ ቀላል ነው፤ የታችኛው በር ድሮም አልተቀባም። እማዬ ለምን እንደተወችው ታውቃለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቀለም አልቆባት ነው አልኩሽ።

ጂሩ ሰኞ አይመጣም። ዛሬ መንገድ ላይ አግኝቼው ነግሬዋለሁ። «ኦቦ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ እንጨት ሆኖ ሰው ምን ይላል?» አለኝ፤ የሚለውን ይበል አልኩት። የወጥ ቤቱ እንዳለ ይሁን። ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም። የመታጠቢያ ቤቱን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይነካውም።

ቀለሙ አላለቀም ልጄ። ስትመጪ ቆርቆሮውን አሳይሻለሁ። ከግማሽ በላይ አለው፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ብሩሹም መሃሉ ላይ እንደተተከለ ነው። እናትሽ ማንኪያ እንኳ ሳታጥብ አሳድራ አታውቅም።

ትንሹን በእኔ ፈንታ ሳሚልኝ። ፈየራን ሰላም በይው። ጌታ ደጃችሁን ይጠብቅ፣ ደረታችሁን ከብርድ ይሸፍን። እኔ ገና ያልቻልኩትን ይቅርታ እሱ አስቀድሞ ይስጥሽ፤ እኔንም ያስተምረኝ።

አባትሽ