አሮጌውን ሳይክል አልጥልም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለዛኪር ኑሪ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገቤን ያመኛል ያልከኝስ ተሻለህ? ሙቀቱ ጋብ አለላችሁ? ሥራው፣ አሠሪህ፣ ቤቱ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ጉልበቴን ከማለቷ በስተቀር ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፤ ተናድጃለሁ እንጂ ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ ሞከርኩ እኮ! ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ በቃ አልኩሽ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ወረቀት አይዘጋም። ጎረቤታችን ሙራድ ለዑምራ ሲመጣ በእጅህ ይሰጥሃል፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ባለፈው ወር የማውንቴን ሳይክሉ ማርሽ እየዘለለ፣ ፍሬኑም እየከዳኝ ቢያስቸግረኝ ላማክርህ ደወልኩ። ከአማኑኤል ቁልቁል ስወርድ በጫማዬ ነበር የማቆመው። አሥራ አራት ዓመት ያገለገለ ነውና ላሳድሰው ወይስ ልቀይረው ብዬ ጠየቅኩህ እንጂ ግዛልኝ አላልኩህም። አንተ ግን ሳትውል ሳታድር ለጓደኛህ ለጁነዲን ደውለህ ከዱባይ ተራ አዲስ አስገዛህልኝ። ሮዝ! ከፊቱ ዘንቢል ያለው! አላህ ይስጥልኝ፣ ስጦታህን አልናቅኩም። ለእናታችን ግን እኔ ሳልሰማ አሮጌውን ጣሉት ብለሃታል።

አዲሱን ሳትሞክሪ ነው ያማረርሽው እንዳትለኝ። በነጋታው እንደ ልማዴ ክርና ዚፕ ጭኜ ለልብስ ሰፊዎቹ ላደርስ ወጣሁ። መሳለሚያ ሳልደርስ የኋላ መጫኛው ጎበጠ። በሳምንቱ ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ ቸርኬው ተጣሞ እንደ ሰካራም ይወላገድብኝ ጀመር። ጥፋቱ የሳይክሉ አይደለም። ለአስፋልትና ለባዶ ዘንቢል የተሠራ ዕቃ ላይ ያን ሁሉ ካርቶን ብትቆልልበት ምን ያድርግ?

እሱን እየገፋሁ ቤት ስገባ አሮጌው የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። እናታችን ያንተን ትእዛዝ አክብራ፣ ልዋጭ እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው ሰውዬ በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ለውጣዋለች! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ፣ አልደብቅህም። ወንድምሽ ጣሉት ብሎ የለ እንዴ፣ ከመጣል ሳፋ አይሻልም ወይ አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። በአንተ ግን እፈርዳለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ስትሄድ ያንቺ ነው ብለህ ሰጥተኸኝ የለም እንዴ? የኔን ዕቃ ጣሉት የምትለው ማንን ጠይቀህ ነው?

በማግስቱ ጠዋት ልዋጮች የሰበሰቡትን ወደሚሸጡበት ወደ ምናለሽ ተራ ገባሁ። መርካቶን ታውቀው የለ፣ እዚያ የገባ ዕቃ ሙሉውን አያድርም፤ ይበተንና እያንዳንዱ ወደየተራው ይሄዳል። መቀመጫውን አንዱ ጋ አገኘሁት፤ ጎማዎቹን ጋሪ የሚሠሩት ዘንድ፤ መልሼ ገዛኋቸው። ዋናው ብረት ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ወጥቶ ሊመዘን ሲል ደረስኩ። የኔ ነው ስለው ሰውዬው ሳቀብኝ፤ ስንቱ የኔ ነው እያለ ይመጣል መሰለሽ አለ። ገልብጠህ እየው፣ ከሥሩ በሚስማር የተጫረ ስም አለ አልኩት። ገለበጠው። ዛኪር ይላል። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረኝም፤ ላንቺስ በብረቱ ዋጋ ውሰጂው አለኝ።

ተሸክሜው ጋሼ ፈለቀ ዘንድ ሄድኩ። አንተ እያለህም የሚጠግኑልህ እሳቸው አልነበሩ? ብየዳውን አንድ በአንድ ዳስሰው፣ አጥንቱ ጤነኛ ነው፣ ያረጀው ጅማቱ ነው አሉኝ። እንግዲያው ጅማቱን ለወጥነው። አዲስ ካቴና፣ አዲስ ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ደህና ፍሬን ገባለት፤ መጫኛውንም በወፍራም ብረት አስበየድኩት። ለማሳደሻ በምታወጪው አዲስ ይገዛል ብለኸኛል። ይገዛል፤ አዲሱ ምን እንደሆነ አየነው! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ አልሆንም።

አሁን እውነቱን እናውጣ። አንተን ያስጨነቀህ ማርሹ አይደለም። ከዚህ የመጡ ጓደኞችህ፣ እህትህ ዛሬም በዚያ አሮጌ ሳይክል ጭነት ታመላልሳለች ብለው አንገትህን አስደፍተውሃል። ሮዙን የገዛኸውም ቀስ በቀስ ጭነቱን ትቼ ቤት እንድቀመጥልህ ነው። ባለቤትህ ካሚላ ናት የነገረችኝ፤ እንዳትቆጣት። ዛኪሬ፣ አንተ በዚያ ሳይክል ስድስት ዓመት ባልዲና ጀሪካን ጭነህ አስተማርከኝ። ኩሊ ብለው ሲጠሩህ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። ልጅ ሆኜ እጄ አጥሮ እንጂ ያኔም አፋቸውን በጥፊ ባልኳቸው ነበር! አንተ ያፈርክበት ሳይክል እኔን ያኮራኛል። ጭነት መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ጥሩንባውን ሲነፋ እኔ በመሃል ሹልክ ብዬ እደርሳለሁ። ሰፊዋ እትዬ ኤልሳቤት ከአንቺ ሌላ በሰዓቱ የሚደርስልኝ የለም ይሉኛል። ይሄ ሥራዬ ነው። የምተወው እኔ ሲበቃኝ እንጂ የጅዳ ሰው ስላማኝ አይደለም።

ሮዙ የት ደረሰ እንዳትል፣ ቸርኬው ተቃንቶ ታናሻችን ሀፍሷ ኮሌጅ ትመላለስበታለች። ከደብተር በቀር ስለማትጭንበት ተስማምተው ይኖራሉ። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አንዷን እህትህን ከሳይክል አወርዳለሁ ብለህ ሁለተኛዋን ጨምረህ አወጣሃት!

እናታችን ዱዓዋን ልካልሃለች፤ ሳፋዎቹ ግን ጠንካራ ናቸው በይልኝ ብላለች። ሀፍሷ ከነሮዙ ሰላም ትልሃለች። ጋሼ ፈለቀም ያ ልጅ ይመጣል ወይ እያሉ ይጠይቁሃል። ለካሚላ፣ ለእህቴ፣ የጠበቀ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝን ሻርፕ ለብሼዋለሁ በላት።

ለልጅህ ለአፍራ ደግሞ ከደብዳቤው ጋር ያለውን ፎቶ ስጥልኝ። በእሷ ስም ነው የላክሁት፣ ኪስህ ውስጥ እንዳታስቀረው። ካርቶን ጭና በሳይክል ዳገቱን የምትወጣው ሴትዮ ማን ናት ብላ ትጠይቅሃለች፤ የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ መጠየቋ አይቀርም። ሳታፍር ንገራት።

እህትህ ማሂራ ኑሪ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.