የህንዷ ዮጋና የእኛ ስግደት

ገዳሪፍ፣ ከመጠለያው

አያ አስናቀው፣ ጉልበትህ እንዴት ከረመ? የኔ ድል አድርጓል።

ባለቤቴ በለጡ ድንበር ከተሻገርን ወዲህ በጭንቀት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ትናንት አንዲት ህንዳዊት ነርስ ዛፍ ሥር ሰበሰበችንና በአስተርጓሚ፣ «ዮጋ ጭንቀት ያበርዳል፤ ግንባራችሁን መሬት አስነኩ» አለች። እኔ «እግዚኦ» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰዉ ተቀበለኝና እንደ አገራችን ስቅለት ሰገድን። ነርሷ ደክሟት ተቀመጠች።

«አባባ፣ ማን አስተማረዎት?»

«የደብራችን ቄስ፣ ያውም በባዶ ሆድ።»

በለጡ ሳቀች፤ ከአገር ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። እኛ ስንሰግድ እንጣደፋለን፤ ቀስ ብሎ መተንፈሱን ግን ከነርሷ ተማርን። ማታ በለጡ ቀስ ብላ እየተነፈሰች ተኛች፤ ስታንኮራፋ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ፣ ደስ እያለኝ።

ወረቀቱ አለቀብኝ፤ ልጅህን አምሳለን ሳምልኝ። አንተም ይህን ዮጋ ሞክረው፤ ጉልበትህ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ታከለ