ሁለት መስመር ዝቅ

የካቲት 3
ከንጋት ጀምሮ መርሳ መናኸሪያ ከግራና የመጣ ሽንኩርት ሳወርድ ቆይቼ ወደ ትምህርት ቤት። እግሬ የኔ አይደለም። ሦስት ዓመት አቋርጬ አሥራ አንደኛ ክፍል የተመለስኩ ሽማግሌ...

ላብራቶሪ ገባን። ቢዩሬት የሚሉት መስመር መስመር ያለበት ረጅም የብርጭቆ ቱቦ አለ። ከሱ አሲድ ጠብ ጠብ እናደርግና ስንት እንደወረደ እናነባለን። አጠገቤ የምትለካው ኢብቲሳም ስታነብ ጠረጴዛዋን በእግሬ ነቅነቅ። ተቆጣች። ሳቅኩ፣ ሳቁም አደከመኝ።

የካቲት 10
የዛሬው አላሳቀኝም። ትክክለኛው መልስ 24.6 ሚሊ ሊትር ነው፣ የኬሚስትሪው ቲቸር ግርማ ያውቁታል። ኢብቲሳም አምስት ጊዜ ለካች፣ አምስቴም 24.4። ሁሌ ሁለት መስመር ዝቅ። «ምክንያቱን እስከ ሰኞ ካላገኘሽ ወልድያ ለላብራቶሪ ውድድሩ በአንቺ ቦታ ሌላ ልጅ እልካለሁ» አሏት ቲቸር። ወደ እኔ ዞረች። እንባዋ ዓይኗ ላይ...
«ወላሂ እሱ ነው ቲቸር፣ ጠረጴዛ ይነቀንቃል።»
«የሱ መነቅነቅ ቢሆን አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል» አሉ። «ያንቺ ሁሌ ያንሳል።»
ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋቱ የኔ አይደለም ተባለ። ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም?

የካቲት 11
ቢዩሬቱን አጠበች፣ አሲዱን ቀየረች። ያው 24.4። ደብተሬን ነጥቃ አየችው። 24.2፣ 25.1፣ 24.3፣ 24.9፣ 24.5... ደምራ ለአምስት አካፈለችው። 24.6! የኔ ዝርክርክ! «ቁጥርህም እንዳንተ ያሾፋል» አለችኝ። እኔ ምን የተለየ አደረግሁ? ምንም።

የካቲት 15
ከሾፌሩ ከሞገስ ጎን ሆኜ ከግራና ስንመጣ የፍጥነት መለኪያውን አየሁ። ከኔ ወንበር 55። እሱ ግን 60 ነው ይላል፣ ቀስ በል እንጂ እያለ ራሱን ይመክራል። አንገቴን ወደሱ ሳሰግግ እውነትም 60። ለካ ቁጥሩ እንደሚያዩበት ቦታ ነው።

እና ኢብቲሳም? ቲቸር አጠገባችን ሲቆሙ ልጁ ሁሉ ይነሳል። ታላቅ ሰው ቆሞ ማን ይቀመጣል? እሷ ደግሞ ጨዋ ናት፣ ከላይ ወደ ታች እያየች ታነባለች። እኔ ባለጌው እግሬ ዝሎ ቁጭ እንዳልኩ ነኝ። ዓይኔ ከአሲዱ ጋር እኩል...

የካቲት 17
ለቲቸር ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንቺም ተቀመጪ» አሏት ኢብቲሳምን። እሺ አላለችም፣ ሦስቴ አሏት። ጫፉ ላይ ቁጭ ብላ አነበበች። 24.6። ደገመችው፣ ያው። ወልድያ ትሄዳለች!

ቲቸር ግን አልሳቁም። ቢዩሬቱን እያዩ፣
«አሥራ ስምንት ዓመት» አሉ። «አጠገባቸው ቆሜ እያስነሳኋቸው፣ የስንቱን ተማሪ ማርክ ቀነስኩ?»

 

ሲወጡ ከወንበሬ ተነሳሁላቸው። እግሬ እያመመኝ።